ኳርቴታችን ለሬዲዮ ሊቀዳ ነው፦ ለየብቻ ማይክ ወይስ አንድ ላይ?

ቪዮላዋ

ሰላም ቤተሰብ።

አዲስ አበባ ውስጥ አራት ሆነን የምንጫወት ልጆች ነን። ሁለት ቫዮሊን፣ ቪዮላ (እኔ) እና ቼሎ። ሠርግ ላይ፣ ሆቴል ውስጥ፣ አንዳንዴ ግብዣ ላይ እንጫወታለን። ሰው እየበላ ነው የሚሰማን ማለት ነው። አንከፋም፣ ይከፈለናል።

ሰሞኑን የአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ የሙዚቃ ፕሮግራም አዘጋጅ ደወለችልን። መጥታችሁ ተቀዱ፣ ግማሽ ሰዓት እሰጣችኋለሁ አለች። ማስታወቂያውና ወሬው ሲቀነስ ለሙዚቃው 20 ደቂቃ ገደማ ይተርፈናል። ያሰብነው የቼኩን አቀናባሪ የድቮርዣክን "አሜሪካዊው" የሚባለውን ኳርቴት የመጀመሪያ ክፍል፣ ቀጥሎ ቼሊስታችን ለአራታችን ያቀናበረውን ትዝታ፣ መጨረሻ ላይ ማሲንቆ የሚጫወት ጓደኛችን ገብቶ አንድ ባቲ ነው።

ስቱዲዮውን ሄደን አየነው። ጠባብ ክፍል ነች። ግድግዳዋ ስፖንጅ፣ ወለሏ ምንጣፍ። ቀጂው ሥራውን የሚወድ ልጅ ነው፤ የለመደው ግን ድምፃዊና ኪቦርድ ነው። ለእያንዳንዳችሁ ማይክ እሰጣለሁ፣ ሄድፎን ታደርጋላችሁ፣ ክሊክ (ጆሯችሁ ላይ ምት የሚቆጥር ማሽን) እለቅላችኋለሁ፣ መጀመሪያ ቼሎና ቪዮላ ይግቡ፣ ቫዮሊኖቹ በላዩ ይደረባሉ፣ የተበላሸውን እናስተካክላለን አለን። አንደኛ ቫዮሊናችን በጣም ደስ አላት። እኔ ግን ሆዴ አልቀበል አለ።

ልምድ ያላችሁ ምን ትላላችሁ?

---

አራዳው

እንኳን ደስ ያላችሁ! ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እህቴ። ሰው ሬዲዮ የሚሰማው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ረዳቱ ይጮኻል። ቫዮሊን ሲጀምር ሹፌሩ ጣቢያ ይቀይራል። ከቀዳችሁ አይቀር ባቲውን አስቀድሙት። ድቮርዣክ ቆይቶ ይመጣል፣ የትም አይሄድ።

---

ጡረተኛው ቀጂ

ቪዮላዋ፣ ልጄ፣ ሆድሽ ልክ ነው። ሬዲዮ ቤት በሪል ቴፕ ዘመን ቀጂ ነበርኩ። አሁን የልጅ ልጅ ነው የማስተኛው።

ክሊኩን እምቢ በሉ። ይሄ ላይ ድርድር የለም። ኳርቴት አራት ሰው እየተያየ የሚተነፍሰው ሙዚቃ ነው። አንዷ ሐረጉን ስትጨርስ ትንሽ ታዘገያለች፣ ሌሎቹ ይጠብቋታል። ጆሯችሁ ላይ ማሽን ካለ የምትጠብቁት ማሽኑን ይሆናል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ቅኝት ነው። ቫዮሊን ላይ እንደ ጊታር ጣት የሚያቆም ብረት የለም። ኮርዱ ውስጥ ያለችውን ሦስተኛ ድምፅ በምን ልክ እንደምትይዣት የምትወስኝው ከሥር ቼሎውን እየሰማሽ ነው፤ ፀጉር ታህል ዝቅ ወይም ከፍ ታደርጊያታለሽ። ለየብቻ ስትቀዱ ሁላችሁም በየራሳችሁ ልክ ትሆናላችሁ። ሲደረብ ግን ይጎመዝዛል፣ ምክንያቱን የሚነግርሽም አይኖርም።

ማይክን በተመለከተ ሁለት ይበቃችኋል። የፈረንሳይ ሬዲዮ ሰዎች ያወጡት አቀማመጥ አለ፣ በድሮው መሥሪያ ቤታቸው ምህጻረ ቃል ኦ አር ቲ ኤፍ ይባላል። ሁለት አንድ ዓይነት ካርዲዮይድ (ከፊት ያለውን አብዝተው የሚሰሙ) ማይኮች፣ 17 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው፣ በመሃላቸው 110 ዲግሪ ተከፍቶ አንድ ስታንድ ላይ ይሰቀላሉ። የሆላንድ ሬዲዮ ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትርና 90 ዲግሪ አለ። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ፤ ለአራት ሰው የፈረንሳዩን እመርጣለሁ። እናንተ በግማሽ ክብ ትቀመጣላችሁ። ማይኩ ከፊታችሁ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ይላል፣ ከራሳችሁም ከፍ ብሎ ወደ ታች ያያል። ርቀቱን በጆሮ አስተካክሉት።

ከዚያ በኋላ ሚክሱ የሚሠራው በወንበር ነው። ሁለተኛ ቫዮሊን ከበዛች ወንበሯ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ። የቼሎው ድምፅ ከጎላ ትንሽ ዘወር ይበል።

አንቺን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ቪዮላ ቀኝ ጫፍ ላይ ከተቀመጠች ድምፅ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎቿ ወደ ኋላ ግድግዳ ያያሉ። ለዓይን ያምራል፣ ለማይክ ግን ጠፋሽ ማለት ነው። ያ የድቮርዣክ ሥራ ደግሞ ገና ከመነሻው ዜማውን የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ቼሎው ጫፍ ይሁን፣ አንቺ ወደ መሃል ግቢ።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ግማሹን አልስማማም።

እዚህ ሜሪላንድ ቼሎ እጫወታለሁ። ሥራዬ ሌላ ነው፣ ሙዚቃው ለነፍስ ነው። ከአንድ ፒያኖ ትሪዮ ጋር ለሬዲዮ ተቀድተናል። ሁለት ማይክ ጥሩ የሚሆነው ክፍሉ ጥሩ ሲሆን ነው። ሁለት ሜትር የራቀ ማይክ እናንተን ብቻ አይሰማም፣ ክፍሉንም ይሰማል። እሷ የነገረችን ደግሞ ስፖንጅና ምንጣፍ ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። እዚያ ውስጥ ኦ አር ቲ ኤፍ ብትሰቅይ የሚቀዳልሽ ቁም ሳጥን ውስጥ የታሰረ ኳርቴት ነው።

እኔ የምለው፦ አብራችሁ ተቀመጡ፣ ሄድፎን የለም፣ ክሊክ የለም፣ በዚህ ከጋሼ ጋር ነኝ። ግን ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ማይክ ይኑር፣ በጣም ሳይጠጋ። የቀረውን ቀጂው በሪቨርብ፣ ማለት በማሽን በሚጨመር የአዳራሽ ማስተጋባት፣ ሰው ያደርገዋል።

ኤዲትም ነውር አይደለም። እኛ ጋ የሆነው እንዲህ ነው። ሥራውን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ ተጫወትን። መስታወቱ ማዶ ኖታው ፊት ለፊቷ የተዘረጋ ሴትዮ ነበረች። እርሳስ ይዛ ትሰማለች። ስንጨርስ "ባር 41 ላይ ፒያኖና ቫዮሊን አብራችሁ አላረፋችሁም፣ ከባር 36 ጀምራችሁ እስከ 50 ስጡኝ" አለች። ሰጠናት። ሌላ አንድ ቦታ ጠየቀች፣ አበቃ። እንዲህ ዓይነት ሰው ከሌላችሁ ኖታ የሚያነብ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። ከማይኩ ምርጫ ይልቅ እሱ ይጠቅማችኋል።

---

ጡረተኛው ቀጂ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ስለ ክፍሉ ያልከው እውነት ነው። መፍትሔው ግን ማይክ ማብዛት ሳይሆን ከክፍሉ መውጣት ነው። ያ ስቱዲዮ የተሠራው ለንግግር ነው። አሁን የመቅጃው ዕቃ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ትምህርት ቤት አዳራሽ ፈልጉ፣ ቤተ መጻሕፍት ፈልጉ። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው መጻሕፍት ወይም እንጨት ያለበት። ባዶ የሲሚንቶ አዳራሽ ግን አይሁን፣ ድምፁ እርስ በርሱ ይጋጫል።

መሃል ገብታችሁ አጨብጭቡ። የጭብጨባው ጅራት ለስለስ ብሎ ከጠፋ ጥሩ ነው። እንደ ቆርቆሮ ተንጫጭቶ ከተመለሰ ውጡ። ቼሎው የሚቆምበት ሹል ብረት ሥር ምንጣፍ ካለ አንሱትና እንጨት አንጥፉለት። የታችኛው ድምፁ ወዲያው ይነሳል።

ኖታ የሚያነብ ሰው ያልከውን ግን በሁለት እጄ እደግፋለሁ።

---

አራዳው

ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ልፋት ግን ለኤፍ ኤም? በስልክ ስፒከር ለሚሰማ ሰው 17 ሴንቲ ሜትር ሆነ 30 ምን ለውጥ አለው?

---

ጡረተኛው ቀጂ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ቀልድህ ቢበዛም።

በስልክ ስፒከር ወይም በአንድ ስፒከር ራዲዮ የሚሰማ ሰው የሚደርሰው ሞኖ ነው፤ ግራና ቀኙ ተጨፍልቆ። ማይኮች በዘፈቀደ እዚህም እዚያም ከተተከሉ አንዱ ድምፅ ወደ ሁለት ማይክ በተለያየ ጊዜ ይደርስና ሲጨፈለቁ እርስ በርስ ይበላላሉ። ቫዮሊኑ አፍንጫውን የያዘ ይመስላል። አራት ማይክ እርስ በርስ ሲሰማማ ይሄ ችግር ይብሳል። ስለዚህ ቀጂው የሞኖ ቁልፉን ተጭኖ መስማት አለበት። በሞኖ ካማረ የትም ያምራል።

ኤፍ ኤም ራሱ ከ15 ሺህ ሄርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አያሳልፍም። ለኳርቴት ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ሌላ ነው። ጣቢያዎች ማሰራጫው በር ላይ ድምፅ የሚጨምቅ መሣሪያ አላቸው። ዝግ ያለውን ያነሳል፣ የጮኸውን ይደፍቃል። እናንተ ቀስ ብላችሁ፣ በጣም ቀስ ብላችሁ የተጫወታችሁትን እሱ አንስቶ ከክፍሉ ሹክሹክታ ጋር ሰው ጆሮ ላይ ያስቀምጠዋል። የወንበር ሲጥታ፣ የገጽ መግለጥ፣ ሁሉም ይወጣል። ብዙ ጣቢያ ደግሞ ጸጥታ ሲረዝም ሥርጭት የተቋረጠ መስሎት ወደ መጠባበቂያ ሙዚቃ የሚያዞር መሣሪያ አለው። ትዝታው ላይ ረጅም ዝምታ ካላችሁ ለአዘጋጇ አስቀድማችሁ ንገሯት። አለበለዚያ በመሃል የሌላ ሰው ዘፈን ሲገባ ትሰማላችሁ።

---

ዜማ መምህር

ሙዚቃ አስተምራለሁ። የማይኩን ለባለሙያዎቹ ትቼ ስለ ፕሮግራሙ ቅደም ተከተል ላውራ። አራዳው ድቮርዣክን ወደ ጓዳ ሊመልሰው ስለፈለገ።

ድቮርዣክ ይህን ኳርቴት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1893 ክረምቱን አዮዋ ውስጥ ስፒልቪል በምትባል መንደር ሲያሳልፍ ነው። የቦሄሚያ (የቼክ) ስደተኞች የሰፈሩባት መንደር ነች። ኒው ዮርክ ከርሞ የገዛ ቋንቋውን የሚናገር ሕዝብ መሃል ሲገባ እጁ ተፈታ። ንድፉን በሦስት ቀን ጨረሰው፣ ሙሉውን ሰኔ ሳያልቅ።

አሁን ቪዮላዋ የምትከፍተውን ዜማ ውሰዱ። ቫዮሊኖቹ ከላይ ይርገበገባሉ፣ ቼሎው አንድ ድምፅ ይዞ ይቆያል፣ ከዚያ ቪዮላ ብቻዋን ትገባለች። ዜማው የተሠራው ከአምስት ድምፆች ነው፦ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ። ከፋ የተነሳ ሜጀር ትዝታ ስትቃኙ የምታገኙት እነዚያኑ አምስት ድምፆች ነው። ተማሪዎቼን ዓይናቸውን አስጨፍኜ ይህን አራት መስመር ሳሰማቸው "የማን ቅንብር ነው?" ይሉኛል።

ስለዚህ የቼሊስታችሁን ትዝታ ከፋ አንሱትና ድቮርዣክ ካለቀ በኋላ ወዲያው አስገቡት። በመሃል ወሬ አይግባ። ሰሚው ራሱ ያገናኘዋል።

---

አራዳው

ማለት ድቮርዣክ ትዝታችንን ሰርቋል?? ይሄንን ቲክቶክ ላይ ልልቀቀው ነው 😂

---

ዜማ መምህር

ተው በናትህ። አምስት ድምፅ ያለው ስኬል ቻይናም አለ፣ ስኮትላንድም አለ። ጥሬ ዕቃው አንድ ነው፣ ወጡ ለየቅል።

---

በገነኛ

መምህር ያሉት ድምፆቹን በተመለከተ ልክ ነው። ግን ድምፆቹ አንድ ስለሆኑ ትዝታ ሆነ ማለት አይደለም። ትዝታ ያለው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው በምትሄጅበት መንገድ ላይ ነው፤ መንሸራተቱ፣ ማንቀጥቀጡ፣ የት እንደምታርፊ። አራት ቫዮሊን ነክ መሣሪያ በንጹሕ ኖታ ብቻ ከተጫወተው የሆቴል ትዝታ ይሆናል። ቪዮላዋ፣ ይቅርታ፣ የምትሠሩበትን ቦታ መንካቴ አይደለም።

ማሲንቆውን በተመለከተ። ማሲንቆ አንድ ክር ነው፣ የፈረስ ጭራ። ድምፁ የሚወጣው ከቆዳው ነው። ከአራቱ ጋር ስታስቀምጡት ድምፁ ሻካራ ስለሆነ ትንሽ ቢሆንም ሰንጥቆ ይወጣል፣ ቆዳው በቀጥታ ማይኩን ካየ ደግሞ ሌላ ነገር አይሰማም። ስለዚህ በጎን አድርጉት። ደግሞ የሚቃኘው ሁሉ በሱ ይሁን ብላችሁ አታስቡ፤ ጓደኛችሁ ወደ እናንተ ላ 440፣ ወደምትቃኙበት መነሻ ድምፅ፣ ይምጣ። በአንድ ክር እሱ ይቀለዋል፣ እናንተ 16 ክር አላችሁ።

እኔ ራሴ አንድ ስቱዲዮ በገና ልቀዳ ገብቼ የገጠመኝን ላጫውታችሁ። በገና አሥር ክር አለው፣ ክሮቹ የሚያርፉበት ላይ እንዚራ የምንላት ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያቺ ናት ያንን "ዝዝዝ" የሚል ድምፅ የምታመጣው። መደርደር ስጀምር ቀጂው አስቆመኝ። ኬብል ቀየረ። አሁንም ዝዝዝ። ማይክ ቀየረ። ከዚያ የኤሌክትሪኩን ሶኬት ነቀለና ሌላ ግድግዳ ላይ ሰካ። እጄን ክሮቹ ላይ አስቀምጬ "ወንድሜ፣ በገናው ነው" አልኩት። አላመነኝም፣ ጠጋ ብሎ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማ። በመጨረሻ አመነ፤ ሲያስረክበኝ ግን ፋይሉን አጽድቶ፣ ዝዝዝታውን በሶፍትዌር ጠርጎ ነው። በገናው ክራር ሆኖ መጣ።

ለማለት የፈለግኩት፦ ቀጂያችሁ የማሲንቆውን ሻካራነት ጉድለት አድርጎ እንዳያጸዳው አስቀድማችሁ ንገሩት። አይቻልም የሚላችሁ ካለ ደግሞ ክሮኖስ ኳርቴት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣውን አልበም ያሰማው። የዓለሙ አጋን በገና ወስደው ለኳርቴት ሠርተውታል፣ ያንን መንዘር ለማምጣት ስንት እንደደከሙ ይሰማል።

---

ቪዮላዋ

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም! በገነኛ፣ "የሆቴል ትዝታ" ያልከውን ለቼሊስታችን አሳየሁት። አኩርፎ ዋለ፣ ማታ ላይ ሁለት መስመር ቀይሮ ላከ። የተሻለ ነው።

ቦታም አገኘን። የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው። ጭብጨባው ደስ ይላል። አዘጋጇ እሺ ብላለች፣ ቀጂውም ዕቃውን ይዞ እመጣለሁ ብሏል። ችግሩ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ወሩ ደግሞ ሐምሌ ነው። ሌላ ደግሞ ግቢው ዛፍ ላይ ቁራዎች አሉ።

---

ጡረተኛው ቀጂ

ዝናቡ በአዲስ አበባ ሐምሌ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው የሚያይለው። ጠዋት ግቡ። ጠዋት ከተቀዳችሁ ደግሞ መሣሪያዎቹ በቅዝቃዜው ቅኝታቸው ይለዋወጣል፣ ቀድማችሁ ገብታችሁ አሙቋቸው። ማቀዝቀዣ ካለ ይነቀል፣ የሚጮኸውን የጣሪያ መብራት አጥፉ። ስልክ ደግሞ ዝም ማሰኘት አይበቃም፣ ከክፍሉ ይውጣ። ያ "ትትት ትትት" የሚለው ድምፅ ማይክ ኬብል ውስጥ ከገባ አይወጣም።

መብራት ሊሄድ ይችላልና በባትሪ የሚሠራ መቅጃ ቢኖር ጥሩ ነው። ጄኔሬተር ከተነሳ ሻይ ጠጡና ጠብቁ።

ኖታችሁን አንድ ላይ ለጥፋችሁ ዘርጉት፣ ገጽ የሚገለጠው ሁላችሁም ዝም ባላችሁበት ቦታ እንዳይሆን። አንደኛ ቫዮሊናችሁ ደግሞ ስታስጀምር በአፍንጫዋ ትስባለች?

---

ቪዮላዋ

እንዴት አወቁ???

---

ጡረተኛው ቀጂ

ሁሉም ይስባል። በአዳራሽ አይሰማም፣ በሬዲዮ ግን ከዜማው ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው። በዓይኗና በቦው ጫፍ ታስጀምር፣ አፏን ከፍታ ትተንፍስ። ጨርሶ አይጥፋ፤ ትንሽ እስትንፋስ ሰው እንዳለ ይናገራል።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ

ስለ ቁራዎቹ አትጨነቂ። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ግንቦት 19 ቀን 1924 ምሽት ቤያትሪስ ሃሪሰን የምትባለዋን ቼሊስት እንግሊዝ አገር ሰሬ ውስጥ ከገዛ ግቢዋ በቀጥታ አስተላለፈ። ለምን? ቼሎ ስትለማመድ ናይቲንጌል የምትባለው ወፍ አብራት ትዘምር ስለነበር። ሰው በጣም ወደደው፣ በየዓመቱ እየተደገመ ቆየ። በተረፈ ድቮርዣክም ስፒልቪል ውስጥ አንድ ወፍ ሰላም እየነሳችው ዜማዋን ሦስተኛው ክፍል ላይ ለአንደኛ ቫዮሊን ሰጥቷታል። እንግዲህ ቁራ ከናይቲንጌል አይወዳደርም፣ ግን ይሞክር።

አንድ ሌላ ነገር። ሰው በሌለበት ክፍል መጫወት ይከብዳል። በኮሮና ጊዜ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2020 ለንደን ያለው ዊግሞር ሆል ባዶውን ሆኖ በየሥራ ቀኑ እኩለ ቀን ኮንሰርት በቢቢሲ ሬዲዮ 3 በቀጥታ ያስተላልፍ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ፒያኒስቱ ስቲቨን ሃፍ ነበር። ቤቴ ሆኜ እሰማ ነበር፣ ጭብጨባ በሌለበት ሰውየው ሲጨርስ ምን እንደሚሰማው አስባለሁ። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሰው ይዛችሁ ግቡና ፊት ለፊት አስቀምጧቸው። ካልሲ ብቻ አድርገው ይቀመጡ። ለሰው ስትጫወቱና ለማይክ ስትጫወቱ ቦው አያያዛችሁ ራሱ ይለያል።

---

ሕግ አዋቂ

ሙዚቃ አላውቅም፣ ውል ግን አነባለሁ። አንድም ሰው ስላላነሳው ልግባ።

ከመቀዳታችሁ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ተፈራረሙ። ቅጂው የማን ነው? ጣቢያው ስንት ጊዜ ያስተላልፈዋል? ዩቲዩብ ላይ ይጭናል? እናንተስ ለራሳችሁ መጠቀም ትችላላችሁ? በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ (ቁጥር 410/1996፣ በ872/2007 የተሻሻለው) ደራሲ ብቻ ሳይሆን ከዋኝም (ተጫዋቹም) መብት አለው። ድቮርዣክ እ.ኤ.አ. በ1904 ስለሞተ ከሱ በኩል ጣጣ የለም። የትዝታው ቅንብር ግን የቼሊስታችሁ ሥራ ነውና ስሙ በአየር ላይ ይጠራ፣ ወረቀቱም ላይ ይጻፍ። የማሲንቆው ልጅ ስምም እንደ "እንግዳ" ተድበስብሶ እንዳይታለፍ።

---

አራዳው

ይሄ መድረክ ላይ ሕግ አዋቂ የሌለበት ውይይት የለም። ግን ልክ ነው።

---

ቪዮላዋ

ተቀዳን! ትንሽ ረዘም ያለ ሪፖርት።

ጠዋት ገባን። ቀጂው ሁለቱን ማይኮች ሲሰቅል "በዚህ ብቻ?" እያለ ፊቱ ላይ ጥርጣሬ ነበር። አንድ ቴክ (አንድ ዙር) ቀዳንና አሰማን። ቼሎው እንደ ተራራ፣ እኔ የለሁም። ፌደሩን (የድምፅ መጠን ማስተካከያውን) ሊነካ እጁን ሲሰድ "ቆይ" አልኩትና ወንበሬን ወደ መሃል ገፋሁት፣ ቼሎውን ወደ ቀኝ አወጣነው፣ ሥሩ የጥቁር ሰሌዳ እንጨት አነጠፍን። ድጋሚ ቀዳን። ቀጂው ሄድፎኑን አውልቆ ደግሞ አደረገውና "ምንም ሳልነካ?" አለ። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ነው ወንበር ሲያስጠጋና ሲያርቅ የዋለው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ያንተም ምክር ሠርቷል። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ጓደኛችን ኖታ ይዛ ተቀመጠች። ድቮርዣክን ሁለት ጊዜ ሙሉውን፣ ከዚያ የመሃሉን ክፍል አንድ ጊዜ ወሰድን። መጀመሪያው ቴክ በስህተቱም ቢሆን ሕይወት አለው፣ ስለዚህ እሱን መሠረት አድርገን ሁለት ቦታ ብቻ ከሁለተኛው ገባ። አንደኛ ቫዮሊናችን ሁሉንም ኖታ በኖታ ልታስለቅም ነበር፣ ጓደኛችን እርሳሷን ደብቃ ገላገለችን።

ትዝታው በአንድ ቴክ። ማንም ሰው ሌላ እንውሰድ አላለም።

ባቲው ላይ ተጨቃጨቅን። ማሲንቆው ብቻውን አንድ ተጨማሪ ማይክ ይሰጠው ወይ የሚለው። በጎን አድርገነው፣ ከእኛ ትንሽ ወደ ኋላ አስቀምጠነው ያለ ማይክ ጥሩ ነበር፣ ደጋኑ ሲመለስ ያለው ሻካራ ድምፅ ሳይቀር። ቀጂው ግን ለመጠባበቂያ ብሎ አንድ ማይክ አቆመለት። እንዲህ ካደረገው አይቀር ሲሚክስ ትንሽ ከፍ አድርጎታል፣ ለእኔ በዝቷል፣ ለጓደኛችን ግን አልበዛም። እሱ የተጫወተው ስለሆነ ተውኩት።

ቁራዎቹ ትዝታው ላይ አንዴ ገብተዋል። አልጠረግናቸውም።

---

ጡረተኛው ቀጂ

ጎበዞች! ፋይሉን ስታስረክቡ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ የክፍሉን ጸጥታ ጥቂት ሰከንድ ተዉለት፣ እዚያ ድረስ ሙዚቃው እንደሆነ ለአዘጋጇ ንገሯት። ያለዚያ የመጨረሻው ኮርድ ላይ የጣቢያው ጂንግል ያርፍበታል። እኔ ስንቱን አየሁ።

---

ቪዮላዋ

ነግረናታል ጋሼ። ወረቀቱም ተፈርሟል፣ ሕግ አዋቂ ይመስገን፤ ቅጂው የእኛ ነው፣ ጣቢያው ሁለት ጊዜ ያስተላልፋል። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አዘጋጇ አልተስማማችም። ባቲውን ልታስቀድም ትፈልጋለች።

---

አራዳው

አልኩሽ እኮ 😎

---

ዜማ መምህር

ባቲው ይቅደም፣ ችግር የለውም። ድቮርዣክና ትዝታው ግን አይለያዩ። በመሃላቸው ማስታወቂያ እንዳይገባ ተሟገቱ።

---

በገነኛ

ቪዮላዋ፣ ያ ቤተ መጻሕፍት ለሌላ ሰው ይፈቀዳል? በገናዬን እዚያ ልቀዳው እፈልጋለሁ። ቀጂውንም አገናኝኝ፣ ካልሸሸ።

---

ቪዮላዋ

ቅዳሜ ጠዋት ተማሪ ስለሌለ ይፈቅዳሉ፣ ደብዳቤ ብቻ ጻፍ። ማራዘሚያ ገመድ ያንተን ይዘህ ሂድ፣ ያለው ሶኬት በር አጠገብ ነው። ለቀጂው ስላንተ ነግሬዋለሁ። "ዝዝዝ የሚለው በገናው ነው" ብዬ አስጠንቅቄዋለሁ። ቁጥሩን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ።